የእህቴ እስክሪብቶ

መርፌ የምትፈራ ልብስ ሰፊ ጎንደር ላይ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። የምፈራው የልብሱን መርፌ አይደለም፤ እሱንማ በከንፈሬ ይዤ ከደንበኛ ጋር እከራከራለሁ። የምፈራው ሰው ላይ የሚሰካውን ነው። ፍርሃቱ የጀመረኝ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ታናሽ እህቴ ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው።

ያን ሰሞን ልጅቱ ውኃ ጠጥታ አትረካም፤ ትበላለች፣ ግን እየከሳች ሄደች። እናታችን መጀመሪያ "ምች ነው" አለች፣ ቀጥላ "ዓይን ነው" አለች፣ በመጨረሻ ልጅቱ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት አዝላ ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሙ ስኳር ነው ሲላት እናቴ ተቆጣች። "ስኳር ከየት አግኝታ? እኛ ቤት ስኳር የሚወጣው ለእንግዳ ነው!" አለችው። ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳት። በየቀኑ፣ ዕድሜዋን ሙሉ መወጋት እንዳለባት ሲነግራት ግን እናቴ ቁጣዋን ረስታ ልጅቱን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

አባታችን በሕይወት አልነበረም። የእናቴ እጅ ደግሞ መርፌውን ገና ሲያይ ይንቀጠቀጣል። እኔ ያኔ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ እየተማርኩ ነበርና "የሷ እጅ መርፌ ለምዷል" ተብዬ ተሾምኩ። ሹመቱን የተቃወመ አልነበረም፤ እኔን የጠየቀኝም አልነበረም።

የያኔው መርፌ የብርጭቆ ነበር። ጠዋት ጠዋት በትንሽ ድስት ይቀቀላል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፣ ከዚያ መድኃኒቱ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ካስቀመጥነው ማሰሮ ይወጣል። ፍሪጅ የሚባል ነገር በሰፈራችን አልነበረም። መርፌው ውሎ ሲያድር ይደንዝና ቆዳዋን አልበሳም ይላል። የደነዘ መርፌ ጨርቅ ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ክሩን ይስባል፣ ጨርቁን ያኮማትራል። እህቴ ጭን ላይ የሚያደርገውንም ከዚያው አወቅኩ። በድንጋይ ስሞርደው አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን እጄን ታያለች። አታለቅስም ነበር። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው መጠኑ ነው። ከበዛ ትወድቃለች፤ ካነሰ ውስጧ ይደርቃል። የብርጭቆው መስመሮች በመቀቀል ብዛት ደብዝዘው ስለነበር ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እለካለሁ። ወግቻት ስጨርስ ደግሞ "የቱ መስመር ላይ ነበር ያቆምኩት?" የሚል ሐሳብ ይይዘኛል። ሐሳቡ አልለቅ ሲለኝ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄጄ በአጥሩ አሾልኬ አይቻት እመለሳለሁ። አሠሪዬ "ይቺ ልጅ ወንድ ይዛለች" ብላ ለእናቴ ከስሳኛለች።

ስኳሯ ሲወርድ የሚታየውን ምልክት ያስተማረኝ ሐኪም ሳይሆን የራሷ ፊት ነው። መጀመሪያ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ላብ ይወጣል። ከዚያ በማያስቀው ነገር ትስቃለች። ከዚያ ለጠየቋት ሁሉ መልሷ "አይ" ይሆናል። ማር ላብላሽ? አይ። ቁጭ በይ? አይ። እኔ ማነኝ? አይ። እዚህ ላይ ከደረሰች ለክርክር ጊዜ የለም፤ አፏን በጣቴ ፈልቅቄ ማሩን ጉንጯ ላይ እቀባለሁ። ሁለቴ ነክሳኛለች። ወደ ራሷ ስትመለስ ምንም አታስታውስም፤ የቆሰለ ጣቴን አይታ "ምነው፣ ምን ነከሰሽ?" ትለኛለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን አደገች። የብርጭቆው ቀርቶ የፕላስቲኩ መርፌ መጣ። መቀቀሉ ቀረልን፣ ሥጋቱ ግን እንዳለ ነበር። እሷ መምህርት ሆነች፤ እኔ የራሴን የስፌት ማኪና ገዝቼ ቤታችን በር ላይ ሱቅ ከፈትኩ። ትምህርት ቤት ውስጥ መርፌ ማውጣት ስለምታፍር ምሳዋን ቤት መጥታ ነበር የምትበላው። ዝናብ ሆኖ ከዘገየች እኔ የሰው ቀሚስ እጅጌውን ገልብጬ እሰፋለሁ፤ ሁለት ጊዜ እንዲያ አድርጌ ፈትቼዋለሁ።

እስክሪብቶው የመጣው በአንዲት እንግዳ ቦርሳ ነው። ልጆች ሳለን እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ ካሉት ሸክላ ሠሪ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ጋር ትቀራረብ ነበርና ከልጆቻቸው አንዷ የእኔ እኩያ ነበረች። ከወላጆቿ ጋር እስራኤል ሄዳ፣ እዚያው ወልዳ ከብዳ፣ የተወለደችበትን ቤት ልታይ መጣች። እኛም ጋ ምሳ ተጋበዘች። እህቴ መርፌዋን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ አየቻትና "ምነው፣ እናንተ አሁንም በዚህ ነው?" አለች። የእሷም ልጅ ስኳር ነበረበት። ሁለተኛ ስትመጣ ከሻንጣዋ ሁሉ አስቀድማ ያወጣችው በጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም እስክሪብቶ ነበር።

እስክሪብቶ ነው ስል እስክሪብቶ ነው። ክዳን አለው፣ ክዳኑ ላይ ኪስ መያዣ አለው። ሆዱ ውስጥ በቀለሙ ፈንታ መድኃኒቱ ይገባል፤ እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ "ቀለም" ነው የምንለው። ጭራውን ሲያዞሩት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ አንዷ ቀጭታ አንድ ልክ ናት። በመስኮት ብርሃን አንድ ዓይን ጨፍኖ መለካት የለ። ጫፉ ላይ የምትገጠመውን መርፌ በጣቶቼ መሐል ይዤ ፀሐይ ላይ አየኋት። እኔ ሐር የሰፋሁ ሰው ነኝ፤ እንዲያ ያለ ቀጭን መርፌ ግን አይቼ አላውቅም። እህቴ ሆዷ ላይ አስነክታ ተጫነችው፣ ሴትዮዋ እንዳለቻት አሥር እስክትቆጥር ያዘችው፣ ከዚያ ቀና ብላ "ገባ እንዴ?" አለች። ገብቷል ስትባል ማልቀስ ጀመረች። ስሞርደው ያላለቀሰች ልጅ ሳያማት ሲቀር አለቀሰች።

እኔ ደስ አለኝ። ሳይውል ሳያድር ግን ከፋኝ። ከእንግዲህ የእኔን እጅ አትፈልግም ማለት ነው። ይባስ ብሎ መወጋቷን ማወቅ አቃተኝ። በድሮው ድስቱ ሲጣድ አያለሁ፣ ብልቃጡ ሲወጣ አያለሁ፣ ትንፋሿን ስትይዝ እሰማለሁ። አሁን ከሰው ጋር እያወራች፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አግብታ ታወጣለች፤ አለቀ። እኔ በጠዋት፣ በምሳ፣ በእራት "ተወጋሽ? ተወጋሽ?" እያልኩ አሰለቸኋት። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ሱቅ ድረስ በመጡበት ቀን እንዲሁ ስላት ጊዜ በዓይኗ ገላመጠችኝና "አዎ፣ ጽፌያለሁ" አለች። መምህርት ናትና ብትጽፍ ማንም አይገርመው። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት መወጋት "መጻፍ" ሆነ። "ጻፍሽ?" "ልጽፍ ነው።" "ቀለሜ ሊያልቅ ነው።" ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ እንኳን "ልጄ ጽፋ ነው የምትበላው" ትል ጀመር።

የመጀመሪያው እስክሪብቶ አንድ ክፉ አመል ነበረበት፤ ጭራውን አሳልፈው ካዞሩት ወደ ኋላ አይመለስም። ትርፉን አየር ላይ ረጭቶ እንደገና መጀመር ነው፤ ያ ሁሉ መድኃኒት መሬት ላይ ሲፈስ እያየሁ አንጀቴ ያርር ነበር። ከዓመታት በኋላ ያቺው ሴት የላከችልን ሁለተኛው ግን ወደ ኋላም ይዞራል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ቁጥሩ ጎላ ያለ ነው፣ መርፌውም ይበልጥ አጥሯል። መድኃኒቱም ተለውጧል። የድሮው ከወጉት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያስጠብቃል። ይኸኛው ፈጣን ነው፤ ስኳሩን ወዲያው ያወርደዋል። ሴትዮዋ በስልክ እኔን ለብቻዬ አስጠርታ "ምግቡ ፊቷ ቀርቦ፣ እጇን ታጥባ ካልሆነ እንዳትነካው። ይኸ አይጠብቅም" አለችኝ። ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ የቀረ ነገር ቢኖር ይኸ ነው።

ከዚያ የጋብቻው ነገር መጣ። ልጁ እዚያው ከእሷ ጋር የሚያስተምር የቆላ ድባ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። እህቴ ወደደችው፤ እኔም የምጠላበት ነገር ፈልጌ አጣሁ። እናቴ ግን ጠርታን በሩን ዘጋችና "ስለ በሽታው አፋችሁን ብትከፍቱ አልወለድኳችሁም" አለች። የታመመች ልጅ ሰጡን እንዳይሉ ነው። እህቴ "ለእሱ ነግሬዋለሁ" አለች፤ "ለእናቱ ግን እሱም አልነገራቸውም። ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን" አለች። እኔ "ቀስ" የሚለውን ቃል አልወደውም፤ ስኳሯ ቀስ ብሎ አያውቅም።

የሙሽርነቷን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። "እትዬ፣ ለእስክሪብቶዬ ኪስ አውጪልኝ" አለችኝ። የሐበሻ ቀሚስ ላይ ኪስ! ተቆጣሁ፣ ተሳደብኩ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። በጎኗ በኩል፣ ጥለቱ በሚወርድበት ስፌት ውስጥ ደበቅኩት፤ የኪሱን የውስጥ ወገን ደግሞ ሳልሰፋ ተውኩት፣ እጇ አልፎ ጭኗን እንዲያገኝ። ከውጭ ያየው ሰው ኪስ አለ ብሎ አይጠረጥርም። ከሰፋሁት ልብስ ሁሉ የኮራሁበት ሥራ ያ ነበር።

ሠርጉ ጎንደር ላይ በደህና አለፈ። የሁለቱ ቤተሰብ መተዋወቂያ ቅልቅሉ የተደገሰው ቆላ ድባ፣ የልጁ እናት ቤት ነው። የጥር ፀሐይ እንደ ጎንደሩ አይደለም እዚያ፤ ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ በነጠላው ጫፍ ላቡን ይጠርጋል። እህቴ ካባ ደርባ ከልጁ አጠገብ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀምጣለች። እኔና እናቴ ከሴቶቹ ጋር ፊት ለፊቷ ነን፤ በመሐላችን ግን መንገድ የሚያሳጣ ሰው ተቀምጧል። ጠዋት እናቴ ስታስጠነቅቃት ሰምቻለሁ፦ "ሙሽራ ነሽ። ሳትለመኚ አፍሽን እንዳትከፍቺ። አንዴ ሲያጎርሱሽ ፊትሽን አዙሪ፣ ሁለተኛም አዙሪ፣ ሲለምኑሽ ሲለምኑሽ ነው።"

መሶቡ ተከድኖ መጣ። ድፎ ዳቦው በላዩ ላይ ነው። ፊታቸው ሲቀመጥ እህቴን አየኋት፣ አየችኝ። በከንፈሬ ብቻ "ጻፍሽ?" አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ ጽፋለች ማለት ነው። መቼ እንዳደረገችው አላየሁም። ኪሱ ሠርቷል ብዬ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

መሶቡ ግን አልተከፈተም።

የልጁ እናት ታላቅ ወንድም፣ ሁሉም አያ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ከገጠር እየመጡ ነው፤ ዳቦውን ባርከው የሚቆርሱት እሳቸው ናቸው። "በቅሏቸው ወንዙን ተሻግራለች" ተባለ። "ከበሩ ደርሰዋል" ተባለ። ከበሮው ቀጠለ፣ እልልታው ቀጠለ። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥፍሬን እየላጥኩ ነበር። ይኸ አይጠብቅም። ይኸ አይጠብቅም። በመርፌው ዘመን ቢሆን ኖሮ ጓዳ ገብታ፣ ተወግታ፣ ወጥታ፣ በመሐሉ የምግቡን ነገር ባየች ነበር። እስክሪብቶው ግን ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ያልቃል።

አያ ገቡ። ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ተሳሳመ፣ ተቀመጠ። ምርቃት ጀመሩ። ሸጋ ምርቃት ነበር፤ ለሌላ ሰው ሠርግ ቢሆን ኖሮ ባለቀስኩ ነበር። "ውለዱ ክበዱ" "አሜን!" "ዘራችሁ እንደ ደምብያ ጤፍ ይብዛ" "አሜን!" እኔ አሜን እያልኩ የማየው የእህቴን አፍንጫ ነው። ላብ አለበት። ግን የሁሉም ሰው አፍንጫ ላይ ላብ አለ! የአያ አፍንጫ ላይ አለ፣ የሚዜው አለ፣ የእኔም አለ። በሙቀቱ ይሁን በስኳሩ በምን ልወቅ?

ዳቦው ተቆረሰ። የልጁ እናት የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እህቴ አፍ አቀረቡ። ፊቷን አዞረች። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሁለተኛ አቀረቡ፤ "አይ" አለች። "ኧረ ጨዋ! ኧረ የጨዋ ልጅ!" አለች አንዷ ሴት። እናቴ አጠገቤ በኩራት ተስተካክላ ተቀመጠች። ሦስተኛ አቀረቡ። "አይ!" አለችና እጃቸውን ገፋ አደረገች። ከዚያ ሳቀች።

ጥርሷን አሳይታ ነው የሳቀችው። እህቴ አፏን በመዳፏ ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም።

ተነሣሁ። እናቴ ነጠላዬን ይዛ "ተቀመጪ፣ ልታዋርጂን ነው?" አለች፤ ነጠላውን እጇ ላይ ትቼላት ሄድኩ። የሰው እግር ረገጥኩ፣ ብርሌ ሰበርኩ። አፌን ስከፍት የወጣው ያው የቤታችን ቃል ነው፦ "ጽፋለች! ሳትበላ ጽፋለች!"

ከበሮው ቆመ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

"ምን ጻፈች?" አለ አንዱ።

"አስጽፋለች ነው የምትለው" አለች ከኋላዬ ያለች አሮጊት፣ አማተበችም። "በስመ አብ! ክታብ አስጽፋበት ነው! ልጁን በድግምት ነው የያዘችው!"

የተቀመጡት ከመሶቡ ሸሸት አሉ። አንዷ ሴት ጉርሻዋን ከአፏ አውጥታ ጣለች። አያ "ጠበል አምጡ!" ብለው ጮኹ። እኔ ደግሞ አፌ ተሳስሮ "አይደለም፣ እስክሪብቶው፣ በእስክሪብቶው ነው" እያልኩ ነገሩን አባስኩት። እህቴ በመሐሉ እየሳቀች ወደ ልጁ ትከሻ ዘንበል አለች። ያኔ እናቴን ረሳኋት፣ ሁሉን ረሳሁት። "ስኳር ነው! ስኳር በሽታ አለባት! ከልጅነቷ ጀምሮ!" አልኩ።

ይኸን ሲሰማ ልጁ ነቃ። እስከዚያ ድረስ እንደ ግንድ ደርቆ ነበር። "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አለ፣ እጁንም በቀሚሷ ጎን ሰደደና ያን ማንም አያገኘውም ያልኩትን ኪስ አገኘው። እስክሪብቶውን አወጣ፣ ክዳኑን በጥርሱ ነቀለ። "ሲያማት በዚህ ነው" አለኝ፤ ዓይኑ ውስጥ እንባ አለ። ጭራውን ማዞር ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የነገረችው ይኸንኑ ነበር፦ ስኳር አለብኝ፣ ግን አሁን እስክሪብቶው ስላለ ችግር የለውም። እሱም አምኗት እስክሪብቶውን ራሱን መድኅን አድርጎት ኖሯል። አንዴ ቢወጋት አትነሣም።

እጁን መታሁት። እስክሪብቶው በርሮ የዳሱ ቄጠማ ውስጥ ገባ። "ማር!" አልኩ። "ማር፣ ብርዝ፣ ያገኛችሁትን!"

ብርዙ፣ ያልፈላው የማር ውኃ፣ በዋንጫ ሆኖ የልጁ እናት እጅ ላይ ነበር። ሳይሰጡኝ ወደ ደረታቸው አስጠግተው አዩኝ። "ስኳር አለባት ትያለሽ፤ ደግሞ ማር አጠጪያት ትያለሽ። የቱን ልመንሽ?"

እውነታቸውን ነበር። ስኳር ላለበት ሰው ጣፋጭ መርዝ ነው ሲባል ነው አገሩ ሁሉ የሚያውቀው። ማስረዳት ይቻል ነበር፣ ጊዜ ቢኖር። "እማማ፣ አሁን የኋለኛውን ይመኑኝ፤ ስለ ፊተኛው ኋላ ይሰድቡኛል" አልኳቸው።

ፊቴን አዩት። ከዚያ ራሳቸው ተንበርክከው ጭንቅላቷን በክንዳቸው ደገፉ። እኔ አፏን በጣቴ ፈልቅቄ ጉንጯን በብርዙ አራስኩት፤ ከዚያ እሳቸው ጠብ፣ ጠብ እያደረጉ አጠጧት። ነከሰችኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ለእኔ ከእስክሪብቶው በፊት ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የረዘመ ነበር። ብትሞትስ? እዚሁ፣ በሰፋሁላት ቀሚስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ጨዋ ናት እያላት ብትሞትስ?

ዋጠች። ደግማ ዋጠች። ከዚያ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ ራሷ ጠጣች፤ ላቧ መድረቅ ጀመረ። ዙሪያዋን አየች፣ የቆመውን ሰው አየች፣ እኔን አየች። "ነገርሻቸው?" አለችኝ። ነገርኳቸው። ፊቷን በካባዋ ሸፈነች።

የልጁ እናት ከእሷ ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ነጠላዬን እንደያዘች ቆማለች። "ምነው እቴ?" አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሸጋ ልጅ ሰጣችሁን። የምትሞትበትን ግን ደብቃችሁ ሰጣችሁን። ዛሬ ሦስት ጊዜ እምቢ ስትለኝ እኔ እልል እል ነበር።" እናቴ ነጠላዬን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ሴትዮዋም መልስ አልጠበቁም። ዶሮውን አስቀርበው፣ ሳይለምኑ፣ ሳያባብሉ፣ እንደ ሕፃን አጎረሷት። አያ "ባህሉስ?" ቢሏቸው "ባህሉ ይቆይ፣ አያ፤ ትብላ" አሏቸው። ከበሮው ቆይቶ ቆይቶ ተጀመረ። ድግሱ ግን እንደ ቀዘቀዘ አለቀ፤ ውሸት አላወራም። ክታብ ነው ብላ የወጣችው አሮጊትም አልተመለሰችም።

ከሰዓት በኋላ እህቴን ጓዳ ካለው አልጋ ላይ አስተኛናት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይገባል ይወጣል፤ ጫማው ለመጀመሪያ ጊዜ አቧራ ነበረበት። በመጨረሻ መጥቶ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ ያስተምሩኝ" አለ። "ልገድላት ነበር አይደል?"

ልዋሽለት አሰብኩ፣ አልሆነልኝም። "አዎ" አልኩት። "እስክሪብቶው ስኳሯ ሲወርድ የሚወጋ አይደለም፤ ስኳሯን የሚያወርደው እሱ ራሱ ነው።" ከዚያ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ላቡ ከአፍንጫዋ ጫፍ እንደሚጀምር፣ በሙቀት ቀን ግን እሱ ብቻውን እንደማይታመን። ሳቋን። ማር ከአልጋው ራስጌ እንዳይጠፋ። እያወራሁት ይከብደኝ ነበር፤ ከዚያች የብርጭቆ መርፌ ጀምሮ እኔ ብቻ የምጠብቀውን ነገር ለሌላ ሰው ማስረከቤ ነው። ይረሳ ይሆን? ይተኛ ይሆን? እየደጋገምኩ አስቀጠልኩት፤ እንደ ተማሪ ደገመልኝ።

"ዋናው" አልኩት፣ "አይ ካለችህ አትስማት። አፏን ከፍተህ አስገባ።"

"እውነቷን አይ ስትለኝስ?" አለ። "በምን አውቃለሁ?"

እህቴን አንድም ቀን ከዚያ አንጻር አስቤያት አላውቅም።

ተኝታለች ያልናት ልጅ ከግድግዳው ሳትዞር መለሰችለት።

"መጀመሪያ አጉርሰኝ" አለችው። "ከዋጥኩ በኋላ መልሰህ ጠይቀኝ።"

"እሺ" አላት።

ያን ሁሉ ዓመት አፏን በጣቴ ስፈለቅቅ የኖርኩት እኔ፣ መልሶ መጠየቅ የሚባል ነገር እንዳለ ያን ቀን ሰማሁ።